«ደህና ነኝ» ያለው ሳጅን

ድንጋዩ ከግራ ጆሮው በላይ ሲያርፍ ሳጅኑ አልወደቀም። ቢወድቅ ኖሮ ጓደኞቹ ያነሱት፣ መኪና ይጠራለት፣ አንድ ሰው ስሙን ወረቀት ላይ ያሰፍረው ነበር። እሱ ግን ጥቂት ተንገዳግዶ ቆመ፤ ኮፍያውን ከመሬት አንስቶ አቧራውን ጭኑ ላይ አራገፈ። «ምን ሆንክ?» ሲሉት «ደህና ነኝ» አለ። ግርግሩ እስኪበርድ ከሰልፉ ሳይወጣ ዋለ። ማታ እራት አልበላም። ሌሊት ሁለት ጊዜ አስመለሰው። እሱ ይህን አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው አጠገቡ የተኛው ባልደረባው ነው። ጠዋት ተራው ደርሶ ጥበቃ ወጣ።

ሳጅኑ የሁሩታ ልጅ ነው። እንደ አንድ ሰው ግን አታንብቡት። እንዲህ ያለ ነገር በሚያጋጥማቸው የብዙ ሰዎች ልክ የተሰፋ ሰው ነው፤ ስም፣ ቀንና ጣቢያ ያልተሰጠውም ለዚህ ነው። ከእናንተ መካከል ወንድሙ፣ ባሏ ወይም የሰፈሩ ልጅ ፖሊስ የሆነ ካለ የዚያን ሰው ፊት ሊያስቀምጥበት ይችላል።

ሁሩታን ለማያውቅ፦ በአርሲ ዞን የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የስንዴ አገር ነው። መኸር ሲደርስ ኮምባይነሮች በማሳው ላይ ይርመሰመሳሉ፣ ስንዴ የጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዳማ ይወርዳሉ፣ በከተማዋ ለጥቂት ሳምንታት ብር ይዘዋወራል። ማሳው ግን አይሰፋም። አባት ለአራት ወንድ ልጆች ሲያካፍለው ለአራቱም የማይበቃ ይሆናል። አንዱ ሹፌር ይሆናል፣ አንዱ አዳማ ወርዶ ይነግዳል፣ አንዱ ዓረብ አገር ያልማል፣ አንዱ ደግሞ የፖሊስ ምልመላ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ይመዘገባል። ስለ ፖሊስ ስናወራ ከሰማይ የወረደ ፍጡር እናስመስለዋለን እንጂ፣ ዱላ የያዘውም ድንጋይ የወረወረውም ብዙ ጊዜ የአንድ ዓይነት ገበሬ ልጆች ናቸው።

በአገራችን ፖሊስ ዜና የሚሆነው ሲገድል ወይም ሲሞት ነው። በመካከል ያለው አይወራም። ሰኔ 16 ቀን 2010 በመስቀል አደባባይ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተጠራው የድጋፍ ሰልፍ ላይ የእጅ ቦምብ ሲፈነዳ 2 ሰዎች ሞቱ፣ ከ150 በላይ ቆሰሉ። በዚያ ሰሞን ፖሊስ ዜና ውስጥ የገባው በተጠርጣሪነት ነበር፤ በጥበቃ ክፍተት ተጠርጥረው ከታሰሩት መካከል የአዲስ አበባ ፖሊስ ምክትል ኮሚሽነር ይገኙበታል። መጠየቁ ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ግን ብዙም አልተሰማም፦ በዚያ ቀን ቆዳቸው ሳይቀደድ፣ ደም ሳይፈሳቸው፣ ጆሯቸው እየጮኸ በእግራቸው ወደ ቤት የሄዱት ሰዎች ዛሬ እንዴት ናቸው? ሲቪሉም ፖሊሱም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በኦሮሚያ በተነሳው ሁከት 215 ሲቪሎች፣ 9 ፖሊሶችና 5 ሚሊሻዎች መሞታቸውን የክልሉ ፖሊስ በሐምሌ መጀመሪያ ተናገረ። የአርሲ ከተሞች ያንን ሰሞን እንዴት እንዳሳለፉት የአካባቢው ሰው ይነግራችኋል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ከዚያ መግለጫ በሕዝብ ጆሮ የቀረው የሟቾች ቁጥር ነው። ሰሜን አየርላንድ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ በዘለቀው ግጭቷ ከ300 በላይ ፖሊሶች ሞተውባታል፤ የቆሰሉባት ግን ወደ 9 ሺህ ይጠጋሉ። ለአንድ ሟች ሠላሳ ቁስለኛ ማለት ነው። የእኛ ስሌት ከዚህ ሊበዛም ሊያንስም ይችላል። 9 ብለን ስንዘጋው ግን ሒሳቡ አላለቀም።

ወደ ሳጅኑ ጭንቅላት እንመለስ።

አርሲ ውስጥ ላደገ ሰው የሆነውን ለማስረዳት የሐኪም ቋንቋ አያስፈልግም። እናቱ ወተት ስትንጥ አይቷል። ቅሉ ከውጭ ምንም አይሆንም፤ አይሰነጠቅም፣ አይፈስም። ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። አንጎልም ፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፈ ለስላሳ ነገር ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ አንጎል ወደ አንዱ ግድግዳ ሄዶ ይጋጫል፣ ተመልሶ ከሌላው ይጋጫል፣ በመካከሉም ይጠመዘዛል። ከፀጉር የቀጠኑት መገናኛ ክሮቹ ይሳባሉ፤ አንዳንዱ ይበጠሳል። ራጅ ይህን አያሳይም። ሲቲ ስካን እንኳ የሚያሳየው የተሰበረ አጥንት፣ የፈሰሰ ደምና እብጠት ነው፤ የተሳበ ክር አይታየውም። ስለዚህ «ስካኑ ንጹሕ ነው» ማለት «ሰውየው ደህና ነው» ማለት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ይገድላል። አንዳንዴ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ናላው ዞሮ ይነቃል፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። በዚያው ሰዓት ከራስ ቅሉ ሥር የተበጠሰ ደም ሥር እየደማ ነው። ከሰዓታት በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቤተሰብ «ደክሞታል፣ ይተኛ» ብሎ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ጠዋት አይነሳም። ደሙ ቀስ ብሎ የሚጠራቀምም አለ፤ በተለይ ዕድሜው የገፋ ሰው ላይ ከሳምንታት በኋላ ነው አንድ እግሩን መጎተት የሚጀምረው፤ ያኔ ድንጋዩን ማን ያስታውሳል? ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ብቻውን መተው የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው። ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ንግግር መንተባተብ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ ለመንቃት መቸገር፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ሳጅኑ ሁለት ጊዜ አስመልሷል። ዕድለኛ ነው፤ አልሞተም።

ሐኪሞች የጭንቅላት ጉዳትን የሚመዝኑበት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ከተማ ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ዓይኑን ይከፍታል? ይናገራል? ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል? ነጥቡ ከ3 እስከ 15 ነው። ከ13 እስከ 15 ያገኘ «ቀላል» ይባላል። ለሐኪሙ «ቀላል» ማለት ዛሬ ሌሊት የመሞቱ ዕድል ዝቅተኛ ነው ማለት ነው። አለቃው ሲሰማው ግን ነገ ሥራ ይገባል ማለት ይሆናል። ሚስቱ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ለምን እንደ ድሮው አልሆነም የሚል ጥያቄ ይሆናል። አንዲት ቃል ናት፤ ሦስት ቤት ገብታ ሦስት ነገር ትሆናለች።

ድንጋይና ዱላ እንግዲህ ይህን ያደርጋሉ። ቦምብ ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል።

በአገራችን ዜና ላይ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ኤፍ ዋን የሚባለው የእጅ ቦምብ 600 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ውስጡ ያለው ፈንጂ ከ60 ግራም አይበልጥም። ቀሪው ብረት ነው። ቀለበቱ ተነቅሎ ከተወረወረ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ይቆያል። በእነዚህ ሰከንዶች ውስጥ ሰው የሚያደርገው ነገር ይለያያል፤ የሚሮጥ አለ፣ የሚተኛ አለ፣ ምን እንደሆነ ለማየት ጎንበስ የሚል አለ። ከዚያ አራት ነገር በተርታ ይመጣል፣ ተርታው ግን ለሰው ዓይን አይታይም። መጀመሪያ የታመቀ አየር ግፊት በሰውነት ውስጥ ያልፋል፤ ጆሮን፣ ሳንባን፣ አንጀትን፣ አንጎልን። ቀጥሎ ፍንጣሪው ይመጣል። ከዚያ ሰውየው ራሱ ተወርውሮ ከግድግዳ ወይም ከአስፋልት ጋር ይላተማል። መጨረሻ ላይ እሳቱ፣ ጭሱና አቧራው። እኛ «ቁስለኛ» የምንለው ሁለተኛውን ነው፤ ፍንጣሪ ያገኘውን። የመጀመሪያው ግን ደም አያፈስም። የጆሮ ታምቡር ሳይቀደድ እንኳ ሊያልፍ ይችላል። ጥይትና ፍንጣሪ የሚመክተው የራስ ቁርም ለዚህ ግፊት ብዙ አይፈይድም፤ በወረዳ ከተማ ደግሞ ፖሊስ ራስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ኮፍያ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ አጠገባቸው የፈነዳባቸው፣ አንድም ጭረት የሌለባቸው ወታደሮች ሲንቀጠቀጡ፣ ማየትና ማሽተት ሲያቅታቸው፣ ስማቸውን ሲረሱ እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1915 በላንሴት መጽሔት ላይ ጻፈ። ያኔ የተሰጠው ስም «የመድፍ ድንጋጤ» ብለን ልንመልሰው የምንችለው ነበር። ክርክሩ ወዲያው ተጀመረ፦ አንጎላቸው ተጎድቶ ነው ወይስ ፈርተው ነው? ጄኔራሎቹ ፈርተው ነው የሚለውን ወደዱት፤ ርካሽ ነውና። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ አሜሪካ ውስጥ ዳንኤል ፐርል የሚመራው ቡድን ፍንዳታ አጠገባቸው ደርሶ በኋላ የሞቱ ወታደሮችን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ በተለመደው ምርመራ የማይታይ ጠባሳ አገኘ። ጠባሳው የአንጎል ግራጫና ነጭ ክፍል በሚገናኙበት መስመር ላይ የተሰለፈ ነበር። የተመረመሩት ሰዎች ቁጥር ጥቂት ነው፤ ይህ ሁሉንም ነገር ይፈታል የሚል የለም። ግን «ፈርቶ ነው» ብሎ ፋይል መዝጋት ከዚያ በኋላ ቀላል አልሆነም።

እኛ ዘንድ ፋይሉ የሚዘጋው በቋንቋ ነው። በአማርኛ «ራሴን አመመኝ» የማይሸፍነው ነገር የለም፤ ትናንት የጠጣም፣ ቡና ያልጠጣም፣ ከአለቃው መራቅ የፈለገም ይለዋል። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ «ራሴን ያመኛል» ያለ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰነፍ ቃል ነው የተናገረው። ሌላኛው ቃላችን ደግሞ ይብሳል። «ነካ ያደርገዋል» እንላለን። ጭንቅላቱ የተነካ ሰውና ያበደ ሰው በአንድ ቃል ይጠራሉ። ሳጅኑ በድንጋይ መነካቱን ቢናገር «ነካ አድርጎታል» ሊባል ነው፤ ዝም ቢል ይሻለዋል። ዝም አለ።

ቤት ግን ዝም አይባልም። ከግዳጅ ተመልሶ ሁሩታ ሲገባ ሚስቱ መጀመሪያ ያስተዋለችው ሽቶ ነው። አዲስ ዓመት ስለነበር ቤቱ በአደይና በእጣን ሞልቶ «ምንም አይሸተኝም» አላት። እየቀለደ መሰላት። ቀጥሎ መብራቱ፤ አምፖሉ ዓይኑን እንደሚወጋው ነገራትና በጊዜ ማጥፋት ጀመረ። ቀጥሎ ገበያው፤ ድሮ ቅዳሜ ገበያ እሱ ነበር የሚሄደው፣ ሻጭ ሁሉ የሚያውቀው፣ ተከራካሪ። አሁን ግማሽ መንገድ ደርሶ ይመለሳል፤ ጫጫታው ናላውን ያዞረዋል። ለምን እንደወጣ ይረሳል። ትንሿ ልጁ ሳህን ስትጥል ግድግዳ ጥግ ይገኛል። አንድ ማታ ልጅቱን በጥፊ መታት። በሕይወቱ መትቷት አያውቅም ነበር። ከዚያ ውጭ ወጥቶ እስኪነጋ ደጃፍ ተቀመጠ።

እናቱ ዓይን በላው አሉ። ጎረቤት መጠጥ ጀምሮ ይሆናል አለ። ሚስቱ ለእሱ ጠበል ተመኘች፣ የጎረቤቷ ባል ዱዓ ቢያደርጉለት አሉ፣ ሁለቱም ተደረገ። ጠበሉም ዱዓውም አልጎዱትም፤ ሰው አብሮት መኖሩን አየ። ሥራ ላይ የደረሰ የጭንቅላት ጉዳት ሊሆን ይችላል ያለ ግን አልነበረም። እሱ ራሱ እንኳ ራስ ምታቱንና ድንጋዩን አያገናኛቸውም፤ ድንጋዩን «ደህና ነኝ» ብሎ የዘጋው ጉዳይ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መሣሪያ ይዟል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባል። እንቅልፍ የሌለው፣ ሲቆጣ መመለስ የማይችል፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ከማሰቡ በፊት ሰውነቱ የሚዘል ሰው፣ ሰልፍ ፊት ለፊት ክላሽ ይዞ ቆሟል። ጉዳዩን የፖሊሶች የግል ጣጣ አድርገው ለሚያዩ ሰዎች መልሱ እዚህ ጋ አለ። የሳጅኑ አንጎል የሚያሳስበው ሚስቱን ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ የቆመውን ተማሪም ያሳስበዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሳው ነገር አለ፣ ደግሞም ትክክል ነው፦ «የኛን ጭንቅላት ማን ነው የሚፈነክተው?» በዚህች አገር በፖሊስ ዱላና በሰደፍ ያልተመታ ሰው የሌለበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ ሲከበር አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ በተፈጠረው ትርምስ መንግሥት 55 ሰው ሞተ ሲል፣ ሌሎች ከዚያ በላይ ነው አሉ። ከዚያ ቀን የተረፉ፣ የተረገጡ፣ ጉድጓድ የገቡ ሰዎች ጭንቅላትስ? የሳጅኑን ሕመም ማንሳት የእነሱን መርሳት ከሆነ ባይነሳ ይሻላል። ግን አይደለም። ሳጅኑ ራሱ ስንት ሰው መትቷል? እሱም አይቆጥረውም፣ ማንም አይቆጥረውም። ያልተቆጠሩት ሁለቱም ናቸው፣ ያልቆጠራቸውም ያው አንድ አካል ነው። የራሱን ፖሊስ ጭንቅላት እንደ ጭንቅላት ያላየ ተቋም የተቃዋሚን ጭንቅላት ያከብራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይመስላል።

በሆስፒታል ደረጃ ደግሞ ሁለቱም የሚተኙት አንድ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ጭንቅላታቸው ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች የመረመሩ ጥናቶች ከመኪና አደጋ ጎን የድብደባን ድርሻ ትልቅ አድርገው ያሳያሉ፤ ዱላና ድንጋይ የሰበሩት የራስ ቅል ለአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪም የዕለት እንጀራ ነው። ሐኪሞቹም ቢሆኑ የትናንት ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት ባለሙያዎች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠሩ ነበር። ዛሬ ብዙ ተሻሽሏል፤ አዲስ አበባ ላይ በጳውሎስ ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል አለ፣ ፖሊስ የራሱ ሆስፒታል አለው። ለሁሩታ ሰው ግን የመጀመሪያው ተስፋ አሰላ ወይም አዳማ ነው፤ ከዚያ ካልሆነ አዲስ አበባ። ለደማ ቁስል መኪና ይገኛል። ለማይደማ ቁስል የትራንስፖርቱን የሚከፍለው ሰውየው ራሱ ነው።

ስለ ወረቀቱም እናውራ፤ ወረቀት ባይወደድም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ፖሊስንም ያካትታል። የ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 714 ነበር፤ በ2014 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው የሐኪሞች ቦርድ ፊት ይቀርባል፣ ጉዳቱ በመቶኛ ይለካል፣ ክፍያው ከዚያ ይሰላል። በፖሊስና በሠራዊት ቤት «ቦርድ ወጣ» ሲባል ሁሉም ይገባዋል። መቶኛው ለተቆረጠ ጣት ጥሩ ይሠራል። ጣት ይቆጠራል። ለተቆረጠ እግርም፣ ለጠፋ ዓይንም እንዲሁ። ማሽተት ለተወ አፍንጫ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ለሚጠፋ ሐሳብ፣ ልጁን ለመታ እጅ ስንት በመቶ ይሰጣል? ይህን መለካት የሚችል ባለሙያ አለ፤ የማስታወስና የትኩረት ፈተናዎች አሉ፣ ሰዓታት ይወስዳሉ። ግን ቦርዱ ከመድረሱ በፊት አንድ ትንሽ ወረቀት ይጠየቃል፦ ጉዳቱ በሥራ ላይ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ደረሰ የሚል። በዚያ ቀን «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ይህ ወረቀት የለውም።

ሀብታም አገር ውስጥም ወረቀቱ ሰው ይበላል። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2021 ዋሽንግተን ላይ ምክር ቤቱ በተወረረ ጊዜ 140 ያህል ፖሊሶች ተጎድተዋል። ከእነሱ አንዱ ጭንቅላቱን በብረት ዘንግ ተመታ። ታከመ፣ ቤቱ ሄደ፣ ሚስቱ ሌላ ሰው ሆኖ እንደተመለሰ አየች። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ ራሱን አጠፋ። ሞቱ «በሥራ ላይ የደረሰ» ተብሎ እንዲመዘገብ ባለቤቱ ከአንድ ዓመት በላይ ተከራከረች፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የጡረታ ቦርዱ በዚያ ቀን የደረሰበት ጉዳት ለሞቱ መንስኤ መሆኑን ተቀበለ። ሆስፒታልና ስካነር በየመንገዱ ባለበት ከተማ ነው ይህ የሆነው። የጎደለው መሣሪያ አልነበረም። ከሚስቱ በቀር «ይህ ሰው ተቀይሯል» ያለ መጥፋቱ ነው።

መሣሪያ ሳይገዛ፣ ሕንፃ ሳይሠራ መደረግ የሚችለው ብዙ ነው። ከእያንዳንዱ ግዳጅ በኋላ ጭንቅላቱን የተመታ ወይም ፍንዳታ አጠገቡ የደረሰ ሁሉ፣ «ደህና ነኝ» ቢልም፣ ስሙ ይጻፍ። ቀን፣ ቦታ፣ በምን እንደተመታ፣ ራሱን ስቶ እንደነበር፣ ማስመለሱ። አንድ መስመር ነው። ጥበቃ ሳይወጣ፣ አንድ ሰው አብሮት ሁለት ቀን ይረፍ። ለተወሰኑ ሳምንታት መሣሪያ ሳይዝ መዝገብ ቤት ይሥራ፤ ይህ ቅጣት እንዳይመስል አዛዡ በሰልፍ ፊት ይንገር፣ ምክንያቱም ፖሊስ መሣሪያውን ሲነጠቅ ልጅ ነህ የተባለ ነው የሚመስለው። ሁለተኛ ምት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ያልዳነ አንጎል ላይ የሚያርፍ ቀላል ቡጢ እንኳ ሰው ሊጥል ይችላል። ከሁሉም በላይ ሚስቱ ትጠየቅ። እሱ አያውቅም፤ የተጎዳው የሚያውቅበት ነገር ነው። እሷ ታውቃለች። ከአዛዦች መካከል ይህን ሲያነቡ «ሁሉም ራስ ምታት ይዞ ይመጣል» የሚሉ ይኖራሉ። ጥቂት አስመሳይ ይመጣል። ከአሥር አስመሳይ ጋር አንድ እውነተኛ ማሳረፍ፣ አንዱን እውነተኛ ክላሽ አስይዞ ከማሰለፍ ይረክሳል።

የሳጅኑ ሚስት ይህን ሁሉ አላነበበችም። ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ከጨረሰችው ደብተር የተረፉ ባዶ ገጾች ነበሩ፤ ከጥፊው ማግስት ጀምሮ እዚያ ላይ መጻፍ ጀመረች። ለማን እንደምትጽፍ አታውቅም። «ሰኞ። ራሱን አሞት አልተነሳም።» «ሐሙስ። ገበያ ልኬው ጨው ብቻ ይዞ መጣ፣ ሽንኩርቱን ረሳ፣ ሲናደድ አለቀሰ።» «እሁድ። ደህና ዋለ። ሳቀ።» ደህና የዋለባቸውን ቀኖችም ትጽፋለች፤ ይህን ማንም አልነገራትም። በአንዳንዱ ገጽ ላይ የልጅቱ የማባዛት ሒሳብ አለ፣ በኅዳጉ ላይ የአስተማሪዋ ቀይ ምልክት አለ።

በመጨረሻ አሰላ ድረስ ይዛው ሄደች፤ ሐኪሙ ሰማት፣ ነገሩ በቦርድ መታየት እንዳለበት ጽፎ ሰጣት። ከዚያ የአንድ ቢሮ በር ላይ ቆመች። ጸሐፊው ፋይሉን ገልጦ አደጋው የደረሰበትን ዕለት የሚያስረዳ ደብዳቤ ጠየቃት። የላትም። ደብተሩን አወጣች።

«እህቴ፣ ይሄ ማስረጃ አይሆንም» አላት። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር፤ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጸሐፊው ሦስተኛውን ገጽ ገለጠ።

«ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ከፋይሉ ጋር አያይዢው» አላት።

የተጻፈበት ገጽ 32 ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ለአንድ ገጽ አምስት ብር ይላል። ሒሳብ ያለባቸውንም ገጾች ጭምር አስነሳቻቸው።